አስም ላለባቸው አባቴ ቲሞሎል ታዞ ነበር፤ አሁን በላታኖፕሮስት ተተክቷል፤ ስለ ግላኮማ ጠብታ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የእነማዩ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ቢሆንም ጉዳዩ የሚመለከተው በቢቸና አካባቢ በግብርና የሚተዳደሩትን የ67 ዓመት አባቴን ነው። ባለፈው የካቲት፣ በግራ በኩል የሚመጣ ሰውና ከብት አጠገቤ ካልደረሰ አይታየኝም ማለት ስለ ጀመሩ፣ እኛም ነገሩን ሞራ ነው ብለን ስለ ገመትን፣ ወደ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። የዓይናቸው ግፊት ሲለካ የቀኙ 28፣ የግራው 34 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የዓይናቸውን የውስጥ ክፍል በመሣሪያ ካየ በኋላ ሕመሙ ሞራ ሳይሆን ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት የእይታን ነርቭ የሚጎዳበት ሕመም፣ መሆኑንና በግራ በኩል ያለው የእይታ ነርቭ በብዙ መጎዳቱን ነገረን። ቲሞሎል የተባለ ጠብታ በሁለቱም ዓይን ጧትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ እንዲያደርጉ ታዘዘላቸውና ወጣን።

ሌላ ሕመም አለብዎት ወይ ተብለው ሲጠየቁ የለብኝም ብለው ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልሁ። አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የጤፍ ውቂያ ሲደርስ የሚነሣባቸው አስም አለ፤ ነገር ግን በቤታችን እንደ በሽታ ተቆጥሮ አያውቅም። የአውድማው አቧራ ነው ይባላል፣ ወቅቱ ሲያልፍም አብሮ ያልፋል። ጠብታውን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ ውቂያው ካበቃ ከወር በላይ ሆኖት ሳለ፣ ሌሊት ሌሊት ደረታቸው ሲር ሲር እያለ ተቀምጠው ማደር ጀመሩ። ከጠብታው ጋር ያገናኘው ከእኛ መካከል ማንም አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው «ይህች ውኃ ከገባች ወዲህ ነው» ብለው የተዉት፤ ከተዉ በኋላም ሕመሙ ቀለል አላቸው።

ተመልሰን ስንሄድ ሌላ ሐኪም አገኘን። የአስሙን ነገር ሲሰማ ቲሞሎሉን ሰርዞ ላታኖፕሮስት የሚባል፣ ማታ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ጠብታ አዘዘ። ይህኛው ግን በቀላሉ አልተገኘም፤ የተገኘበት መድኃኒት ቤትም ዋጋው ከቲሞሎሉ ብዙ እጥፍ ነው፤ በዚያ ላይ በፍሪጅ ይቀመጥ ተባለ። በአባቴ ቤት መብራት የለም። ከቤተሰባችን አንዳንዶቹ ርካሹን ቲሞሎል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢያደርጉ ምን ይላቸዋል እያሉ ነው። አባቴ ደግሞ እይታቸው ስላልተሻሻለ ሁለቱንም ለመተው እያሰቡ ነው። ዓይን ውስጥ የተጨመረ አንድ ጠብታ በእርግጥ ሳንባ ድረስ ይደርሳል? ያለ ፍሪጅስ ላታኖፕሮስትን እንዴት እንያዘው? የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ አመሰግናለሁ።

መላሽ፦ ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ከሁሉ አስቀድሜ አስቸኳዩን ልበል፦ አስም ላለበት ሰው ቲሞሎል በቀን ሁለት ጊዜም፣ አንድ ጊዜም መሰጠት የለበትም። በቤት ውስጥ የቀረ ጠርሙስ ካለ ከቤት ይውጣ።

ጠብታው ሳንባ ድረስ ይደርሳል። በዓይን ጥግ፣ በአፍንጫ በኩል፣ እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርድ ቀጭን ቧንቧ አለ፤ ስናለቅስ አፍንጫችን አብሮ የሚፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የተጨመረው መድኃኒት ከፊሉ በዚያው መንገድ ወርዶ ከአፍንጫው ስስ ሽፋን ወደ ደም ይገባል። በአፍ የተዋጠ ክኒን መጀመሪያ ጉበትን ስለሚያልፍ ኃይሉ በከፊል ይቀነሳል፤ በአፍንጫ በኩል የገባው ግን ይህ ማጣሪያ ስለማያገኘው መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ጉልበቱ ትንሽ አይደለም። ቲሞሎል ደግሞ የሳንባ አየር ቧንቧዎች ሰፍተው እንዲቆዩ የሚያዝዘውን የሰውነት መልእክት ይዘጋል፤ የልብ ምትንም ያዘገያል። ከዚህ የከፋው፣ ሕመሙ ሲነሣ የምንሰጠው የሳልቡታሞል መንፊያ የሚሠራው ቲሞሎል በዘጋው በር በኩል በመሆኑ፣ ማስታገሻውም እንደ ወትሮው ላይሠራ መቻሉ ነው። አባትዎ ራሳቸው አስተውለው መተዋቸው ትልቅ ነገር ነው።

ስለ አቀማመጡ፣ በብዛት የሚሸጠው ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ይህ የሚመለከተው በዋናነት መድኃኒት ቤቱንና የተጠራቀመ ጠርሙስ ያለውን ሰው ነው። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በመንገድ ላይ ያለው ጊዜም ቢሆን ከ40 ዲግሪ እስካላለፈና ከ8 ቀን በላይ እስካልቆየ ድረስ እንደማያበላሸው የመድኃኒቱ መግለጫ ይፈቅዳል። በደጋው አገር ያለ ጥላማ ቤት ለተከፈተው ጠርሙስ ይበቃል። በጆንያ መካከል ሆኖ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ግን አይጫን፣ በመስኮትም ፀሐይ አያግኘው። ያለ ፍሪጅ የሚቀመጥ ዓይነትም ስላለ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቀንም ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት።

ወጪውን በተመለከተ አንድ ስሌት ልስጥዎት። የላታኖፕሮስት ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም ወደ 80 ጠብታ ገደማ ነው። በሁለት ዓይን በቀን ሁለት ጠብታ ሲሆን፣ ሳይባክን 40 ቀን ያህል ማለትም የ6 ሳምንቱን ዕድሜ ሊሞላ ይቀርባል።   ማዘዣው ላይ የተጻፈው የመድኃኒቱ መሠረታዊ ስም ከሆነ ከተለያዩ አምራቾች ርካሹን መምረጥ ይቻላል። የጤና መድን አባል ከሆኑም በአባልነት ደብተራቸው በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ እዚያ ጠፍቶ ከግል ቢገዙ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር መኖሩንም አብረው ይጠይቁ።

ሳይባክን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የታችኛው ሽፋሽፍት ሲሳብ የሚሠራው ኪስ አንድ ጠብታ እንኳ በሙሉ አይይዝም፤ ሁለተኛው ለጉንጭ ነው። እጅ ይታጠቡ፣ ራስን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፣ የታችኛውን ቆዳ በጣት ሳብ አድርገው የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንም ሆነ ሽፋሽፍት ሳይነካ አንድ ጠብታ ያግቡ። ከዚያ ዓይንን ጨፍነው የዓይንን የውስጥ ጥግ፣ ከአፍንጫው አጥንት ጋር የሚገናኝበትን፣ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ያድርጉት። ያ ቧንቧ ስለሚዘጋ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ደም የሚሄደውም ይቀንሳል። ቢሆንም ይህ ዘዴ ቲሞሎልን ለአስም በሽተኛ የሚፈቅድ አይደለም።

መላሽ፦ በዓይን ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም

በፋርማሲስቱ ማብራሪያ ላይ የምቃወመው የለኝም፤ ከማዘዙ በኩል ያለውን ልጨምር።

በመጀመሪያ ስለ ራሳችን ልናገር። «ሌላ ሕመም አለብዎት?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ውጤት አያመጣም። ገበሬው የሚመጣና የሚሄድን ነገር ሕመም አይለውም፤ ያልተኛበትንና ያልታመመበትን ቀን ጤና ብሎ ይቆጥረዋል። ቲሞሎል ከመጻፋችን በፊት «ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ደረትዎ ሲር ሲር ብሎ ያውቃል? በውቂያ ጊዜስ?» ብለን መጠየቅ፣ የልብ ምትንም በእጅ ይዘን መቁጠር ይገባናል፤ ምቱ ቀርፋፋ ከሆነ ወይም ልቡ የምልክት መተላለፊያ እክል ካለበት ቲሞሎል አይታዘዝም። ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም ያችን ሁለት ደቂቃ እንደሚያጣት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰበብ አይሆነንም።

አባትዎ ላነሡት ጥያቄ፦ ጠብታው እይታን አይመልስም፣ እንዲመልስም አልታዘዘም። በግላኮማ የሞተ የነርቭ ክር አይተካም። ሕክምናው በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ አድርጎ የተረፈውን ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በስዊድን የተካሄደ አንድ የታወቀ ጥናት ግፊቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር ሕመሙ የመባባሱ ዕድል በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ «አልተሻለኝም» ማለታቸው እውነት ነው፤ የሚጠየቀው ግን አልባሰም ወይ የሚለው ነው፤ ይህንንም ሰውየው በራሱ ስለማያውቀው በመለኪያ እንጂ በስሜት አይወሰንም። ግላኮማ የሚጀምረው ከእይታ ዳር ነው፤ አንዱ ዓይን ሌላውን ስለሚሸፍንለት ሰው ሳይሰማው ብዙ ይሄዳል።

ላታኖፕሮስት ግፊትን ከ25 እስከ 33 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። የአባትዎ ቀኝ ዓይን ከ28 በ30 በመቶ ቢወርድ ወደ 20 አካባቢ ይደርሳል፤ ለዚያ ዓይን መልካም ጅምር ነው። የግራው ከ34 በዚያው ልክ ቢወርድ ግን 24 አካባቢ ነው፤ ነርቩ በብዙ ለተጎዳ ዓይን 24 ብዙ ነው። ከ10 እስከ 21 ያለው ግፊት ጤነኛ ነው ይባላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳ ነርቭ ከዚያም ዝቅ ያለ ግፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰው ያስለኩ፤ ለግራው ዓይን ሁለተኛ ጠብታ ወይም ሌላ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችልም ከወዲሁ ይወቁ። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ ሳይሠራ ቀረ» ብላችሁ እንዳትተዉት ብዬ ነው አስቀድሜ የምናገረው። ሌላም ልጨምር፦ ላታኖፕሮስትን «ይበልጥ ይሥራ» ብሎ በቀን ሁለት ጊዜ ማድረግ ኃይሉን ሊያዳክመው ይችላል እንጂ አይጨምርለትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይን ሊቀላ፣ ቆይቶም የሽፋሽፍቱ ፀጉር ሊረዝምና ቆዳው ሊጠቁር ይችላል፤ አያስደንግጣችሁ።

ሁለተኛ ጠብታ ካስፈለገ ምርጫው አለ። ዶርዞላሚድ ሳንባን አይነካም፤ ዓይንን ያቃጥላል፣ ጉሮሮንም ይመርራል፤ በሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሪሞኒዲንም አለ፤ አፍ ያደርቃል፣ ያንቀላፋል፣ ለሕፃናትም አደገኛ ነው። ፒሎካርፒን ርካሽና የቆየ ነው፤ ነገር ግን በቀን እስከ አራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ብሌንን አጥብቦ ማታ ማታ ያጨልማል፣ ሞራ ለጀመረው ሽማግሌም አይመችም። ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ግን ስለ ጥምር ጠብታዎች ነው። ዶርዞላሚድ ከቲሞሎል ጋር፣ ላታኖፕሮስት ከቲሞሎል ጋር በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ይሸጣሉ፤ በካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚነበበው የንግድ ስማቸው ነው። አንድ ቀን «ያው ነው፣ የተሻለም ነው» ተብሎ ከእነዚህ አንዱ ቢሰጣችሁ ቲሞሎል በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በካርቶኑ ጎን በትንሹ የተጻፈውን ይዘት ያንብቡ። ስማቸው በ«ኦሎል» የሚያበቁ የዓይን ጠብታዎችን ሁሉ፣ ለሳንባ ይሻላል የሚባለውን ቤታክሶሎልን ጨምሮ፣ ለአባትዎ ሐኪም ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

ሩቅ ገጠር ለሚኖር ሰው ደግሞ ዕድሜ ልክ ጠብታ መግዛት ብቸኛው መንገድ አይደለም። የዓይኑን የፈሳሽ መውጫ በሌዘር የሚያክም ዘዴ አለ፤ ለአባትዎ የግላኮማ ዓይነት የሚሆን መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው የመውጫው ማዕዘን በልዩ የምርመራ ሌንስ ሲታይ ነው። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ በኪሊማንጃሮ የክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህን ሌዘርና ቲሞሎልን አነጻጽሮ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ዓይኖች በሌዘር 61 በመቶ፣ በቲሞሎል 31 በመቶ ሆነው አግኝቷል። ጥናቱ የእኛን ገበሬ በሚመስሉ ሰዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ እኔ ከአውሮፓዎቹ ይልቅ እርሱን አምነዋለሁ። መሣሪያው በየከተማው የለም፤ የሪፈር ወረቀት ይዞ ባሕር ዳር ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ማዕከል መጠየቅ ያስፈልጋል። ለግራው ዓይን ቀዶ ሕክምናም ሊነሣ ይችላል፤ ከተነሣ አትሽሹት።

መላሽ፦ ከፍኖተ ሰላም

ሐኪም አይደለሁም፤ ጠብታ የምጠቀም ጡረተኛ መምህር ነኝ። ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ማታ ላታኖፕሮስት፣ በቀን ደግሞ ዶርዞላሚድ አደርጋለሁ።

አባትህ አጥባቂ ጿሚ ከሆኑ አንድ ነገር አስቀድመህ ተነጋገር። ዶርዞላሚዱ ወደ ጉሮሮዬ ወርዶ ሲመረኝ «ይህማ ቀመስሁ ማለት ነው» ብዬ አንድ ዐቢይ ጾም ሙሉ የጧቱን በራሴ ፈቃድ ተውሁት። ለማንም አልተናገርሁም። ከፋሲካ በኋላ ስለካ 17 የነበረው 26 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሰነፈ ብሎ ሌላ ሊጨምርብኝ ሲል ነው አፍሬ እውነቱን የተናገርሁት። ከዚያ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ መድኃኒቴን እንዳላቋርጥ ነገሩኝ፤ ሰዓቱንም ከሐኪሜ ጋር አስማማሁት። አባትህም የራሳቸውን ንስሐ አባት ይጠይቁ። ላታኖፕሮስት የማታ በመሆኑ ለእሳቸው ይህ ችግር ያንሳል። የዓይንን ጥግ መጫን የተባለው ነገር መራራውንም እንደሚያስቀር በኋላ ነው የተረዳሁት።

ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ጠብታውን ከጠበሉ በኋላ ያድርጉ፤ በፊት ከሆነ ታጥቦ ይሄዳል።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ ፍሪጅ ሳይኖረኝ ጠርሙሱን ክዳን ባለው ደረቅ ጣሳ አድርጌ በእንስራው ሥር፣ እርጥቡ መሬት ላይ አስቀምጠው ነበር። ውኃው ውስጥ አልከትተውም። አንድ ያልጠበቅሁት ጥቅም አገኘሁበት፤ ጠብታው ቀዝቀዝ ሲል ዓይን ውስጥ መግባቱ ይሰማል፣ ስለዚህ ገባ አልገባም እያሉ ሦስት አራት ማንጠብጠብ ይቀራል። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የምታደርግልኝ የልጅ ልጄ ናት። ከራት በኋላ እጅ ስታስታጥበኝ ጠርሙሱን አብራ ትዛ ትመጣለች፤ ስለዚህ ረስቼ አላውቅም።

ጠያቂ፦ የእነማዩ ልጅ

እጅግ አመሰግናለሁ። ቲሞሎሉን ዛሬውኑ እንዲጥሉት ለታናሽ ወንድሜ በስልክ ነግሬዋለሁ። በዚሁ መካከል እርሱ ያነሣው ጥያቄ አለ፦ ዓይኑን በየጊዜው ሲበላው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው፣ ወዲያው የሚያስታግስ ጠብታ አለው። አባቴም ሲያቃጥላቸው ከእርሱ ጠርሙስ ይጨምሩ ነበር። ስሙን አስነበብሁት፤ ዴክሳሜታዞን ይላል። ይህ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ነገር ይኖረው ይሆን?

መላሽ፦ በዓይን ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም

በጣም ይገናኛል፤ ማንሣትዎም መልካም ሆነ። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ማሳከክንና መቅላትን ቶሎ ስለሚያስታግስ ሰው ይወደዋል፤ ነገር ግን ለሳምንታት ሲዘወተር በአንዳንድ ሰዎች የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ለዓመታት ከቀጠለም ራሱ ግላኮማና ሞራ ያስከትላል። ግላኮማ ያለባቸው ሰዎችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ለዚህ ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። አባትዎ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተጠቀሙበት ለሐኪማቸው ይነገር፤ ከ34ቱ ውስጥ የዚህ ጠብታ ድርሻ ሊኖርበት ስለሚችል የሚታዘዘውንም ሊለውጠው ይችላል። ወንድምዎም ጠብታውን ትቶ ግፊቱን ያስለካ። እርስዎም ከ40 ዓመት ካለፉ አብረው ይታዩ፤ የታካሚ እኅትና ወንድም፣ ወንድና ሴት ልጅ ሁሉ ቢመረመሩ ይመረጣል።

ጠያቂ፦ የእነማዩ ልጅ

ማክሰኞ ሦስታችንም እንሄዳለን፤ የቀሩትን ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ፌስታል ይዘን። አባቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀውኛል፦ የአስሙን ነገር ለሐኪሙ የሚናገሩት እሳቸው ራሳቸው እንደ ሆኑ፣ እኔም እንዳልቀድማቸው።